ሦስት ልብስ የለበሰች መኪና

ጣሪቅ ጅማ ላይ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት የመኪና ወንበር ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው። ሥራውን ግማሹን ይወደዋል፣ ግማሹን ይጸየፈዋል። የሚወደው ቆዳውን፣ መቀሱን፣ ክሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ማየቱን ነው። የሚጸየፈው ከልብሱ ሥር ያለውን ነው። የሰው መኪና ወንበር ሲገለጥ የማይወጣ ጉድ የለም፤ ታኝኮ የተተፋ ጫት፣ የሕፃን ትውከት የጠጣ ስፖንጅ፣ የጥፍር ቁራጭ፣ የአይጥ ጎጆ ከነልጆቿ። አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ከሚቀበላቸው ሀብታም ነጋዴ መኪና ውስጥ ያወጣውን ነገር ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር አቃጥሎታል። ከዚያ ወዲህ ሰውየው መንገድ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉለት የራሱን እጅ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሰላምታውን በአፉ ብቻ መልሶ ያልፋል።

ሚስቱ ፋሪዳ እዚያው ሱቅ ውስጥ አብራው ትሠራለች። እሱ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፣ ይወጥራል፤ እሷ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። አንዲት ልጃቸው አዲስ አበባ ትማራለች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀኑን ሙሉ በማስቲሽ ሽታ ውስጥ ሲውሉ፣ ማታ ቤት ገብተው እንኳ የሚበሉት ወጥ ማስቲሽ ማስቲሽ ይላቸዋል።

ጣሪቅ አንድ ያልለቀቀው ምኞት ነበረው። ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ሥራውን ገና ሲለማመድ፣ ወደ ቦንጋ የሚያልፍ አንድ ሐኪም ባለሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና ይዞ መጣና የተቀደደ ወንበሩን አሰፋ። ሥራው ሲያልቅ ሐኪሙ፣ "እስቲ ገብተህ ሞክረው" አለው። ጣሪቅ ገብቶ እግሩን ዘረጋ። ወንበሩ ጎኑን ግራና ቀኝ እቅፍ አደረገው። ሐኪሙ ቁልፉን ሲያዞርለት የሞተሩ ድምፅ በወገቡ ገብቶ በደረቱ ወጣ። ይኼው ነው፤ ሌላ ነገር አልሆነም። ግን ጣሪቅ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደዚያ ያለች መኪና ሳትኖረኝ አልሞትም ብሎ ቆረጠ።

ወንድሞቹ ይስቁበት ነበር። "በጅማ ጉድጓድ ላይ? ሆዷ መሬት እየተፋቀ? ባጃጅ ግዛና ገንዘብ አምጣ!" ይሉታል። ፋሪዳ ግን አብራቸው አልሳቀችም።

"አሥራ ሰባት ዓመት የሰው መቀመጫ ስታለብስ ኖረሃል" አለችው አንድ ቀን፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። "አንድ የራስህ ቢኖርህ ምን ነውር አለው? ግን ልብ አድርግ፤ ሌላው የሚሞኝበትን አንተ ታውቃለህ። አንተ ከተሞኘህ አልምርህም።"

ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ሁለት እቁብና ጎማ ወረዳ ካለው የአባቱ የቡና መሬት የደረሰውን ድርሻ ለታላቅ ወንድሙ ሸጦ ያገኘው ተደምሮ ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር። በዛሬ ገበያ በዚህ ገንዘብ አሮጌ ቪትዝ እንኳ አይነካም። ተስፋ የሰጠው፣ ባለሁለት በር መኪና ቤተሰብ አትይዝም፣ ቡና አትጭንም እየተባለ ፈላጊዋ ጥቂት መሆኑ ነበር። ስለዚህ ደላላ ያዘ። ደላላው ሱፊያን ይባላል፤ ከአፉ ስንጥር የማይለይ፣ በየዓረፍተ ነገሩ "ወላሂ" የሚል፣ ጣሪቅን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሰው። ሊሸጡ የታሰቡ መኪኖችን ወደ ጣሪቅ ሱቅ ልኮ የሚያስለብሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የመጀመሪያዋን ያዩት ሰርቦ ነበር። ባለቤቷ መጋረጃ ገልጦ ሙሽራ እንደሚያሳይ ሰው በኩራት ሸራውን ገፈፈላቸው። ከሸራው ሥር አራት ዶሮዎች ተንጫጭተው ወጡ። መሪው ላይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ማርሹ ላይ ኩሳቸው ተጋግሯል። የኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ሰውየው "ይታጠባል" አለ። "መኪናዋ ግን አልተነካችም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነዳችም!"

"ሳትነዳ ሦስት ዓመት ከቆየች ሞተሯም እንቁላል ታቅፏል ማለት ነው" አለ ጣሪቅና ዞሮ ሄደ።

ሁለተኛዋን እዚያው ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ አዩ። ቀለሟ ያበራል። ጣሪቅ ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ ገለጥ ሲያደርግ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ የብየዳ ጠባሳ አገኘ። ሁለት የተገጩ መኪኖች ናቸው፤ የአንዷ ፊትና የሌላዋ ኋላ ተቆርጠው አንድ ላይ የተበየዱ። ሻጩ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን በእግሩ መለሰ። አላፈረም። ያ እግሩ ምንጣፉን ቀስ አድርጎ ሲመልስ ጣሪቅ ተጸየፈው። ሰው እዚያ ውስጥ ሚስቱን ይዞ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይነዳል ብሎ አሰበ።

"ሱፊያን፣ አንተ ይህን ታውቅ ነበር?"

"ወላሂ አላውቅም!" አለ ሱፊያን፤ ስንጥሩን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዞረ። "አሁን ግን የማሳይህ ሌላ ናት። አጋሮ። ቀይ። ባየሃት ቀን እንቅልፍ አይወስድህም።"

እውነቱን ነበር፤ አልወሰደውም። አጋሮ ያለችው መኪና የጃፓን ሥሪት ናት፤ አፍንጫዋ ሾጣጣ፣ ጀርባዋ ተንሸራታች፣ ቀለሟ እንደ በሰለ ቡና ፍሬ ቀይ። ባለቤቷ ኡመይር የሚባል ጎልማሳ ነው፤ አባቱ ቡና ነጋዴ ናቸው። በጥር ፀሐይ ግቢ መካከል አቁሞ መስኮቶቿን ሁሉ ከፍቶ ጠበቃቸው። ውስጧ የሎሚ ሽቶ ይሸታል። ወንበሯ በጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ ተለብጧል፤ ስፌቱ ቀይ ክር ነው፤ የአዲስ አበባ እጅ። ጣሪቅ ጣቱን በስፌቱ ላይ አሳልፎ የባለሙያ ቅናት ተሰማው።

ሞተሩን እንዲያይለት ጎረቤቱን መካኒኩን ኤርሲዶን ይዞት ሄዶ ነበር። ኤርሲዶ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሲዋሽ ተሰምቶ የማይታወቅ አማኝ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጠ፣ ካንዴላ ፈታ፣ ዘይቱን በጣቱ አሸ።

"ሞተሩ ደህና ነው ወንድሜ" አለው ለጣሪቅ ለብቻው። "ግን የፋብሪካዋ ሞተር አይደለም። ተቀይሯል። ለምን እንደተቀየረ ጠይቅ።"

ጣሪቅ ጠየቀ። ኡመይር ሳቀ። "አሮጌው ዘይት ይበላ ነበር፤ የተሻለ አስገባሁ። ይኼ ነውር ነው እንዴ? ሜ፣ እስቲ ግባና ንዳት!"

ጣሪቅ ገባ። ወንበሩ ጎኑን አቀፈው። የዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሆነና፣ ከአጋሮ መውጫ ድረስ ነድቶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። የሰው ወንበር ሲገልጥ የኖረው ሰው ይህን ወንበር አልገለጠም። ጥፍሩን ስፌቱ ሥር ማስገባት ብቻ ይበቃው ነበር። አላስገባም። በኋላ ሲያስበው ራሱን ይበልጥ የጠላው በዚህ ነው፤ ያልገለጠው ስላመነ አልነበረም፤ እንዳያይ ፈልጎ ነበር። ስምንት መቶ ሰባ ሺህ ተስማሙ። ሊብሬው በስሙ ዞረ።

መኪናዋ ጅማ የገባች ቀን ፋሪዳ ልብስ ቀይራ፣ ሻሿን አስተካክላ ከጎኑ ተቀመጠች። ሱቃቸው ሳይደርሱ፣ "ጣሪቅ፣ ምን ሞቶ ነው?" አለች።

"የት?"

"እዚህ። ከሎሚው ሥር ሌላ ነገር አለ።"

"የአዲስ ቆዳ ሽታ ነው።"

"ቆዳ ምን እንደሚሸት ታስተምረኛለህ?" አለችና መስኮቱን ከፈተች። ጣሪቅ ግን እውነት አልሸተተውም። ማስቲሽ አፍንጫውን ከገደለው ቆይቷል። የሱፊያንና የኡመይር ትልቁ ዕድል የጣሪቅ የሞተ አፍንጫ ነበር።

በጋው እንደዚያ አለፈ። መስኮት ተከፍቶ ይነዳል። አርብ ከሶላት በኋላ እስከ ሰርቦ ሄዶ ይመለሳል። ልጆች በየመንገዱ ይጮሁለታል፤ ባጃጆች ይለቁለታል። ያ ሁለት ወር የጣሪቅ ሕይወት ማር ነበር፤ ቢዋሽ አይጠቅመውም። ከዚያ ዝናብ ጀመረ።

መስኮት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን የሞተ አፍንጫውም ሳይቀር ነቃ። ሽታው ከወንበሩ ይነሳል፤ ኮምጣጣ፣ ከባድ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ። የበሰበሰ ፍሬ፣ የቆመ ውኃ፣ የሞተ እንስሳ ተደባልቆ። ልብሱ ላይ ይቀራል። መስጊድ ሲሰግድ ከጎኑ የቆሙት ሽማግሌ እንደምንም ፊታቸውን አዙረው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሲሸፍኑ አየ። ጣሪቅ ሶላቱን እንደጨረሰ ማንንም ሳያናግር ወጣ፤ ፊቱ እንደ እሳት ይነድ ነበር። በንጽሕናው የሚታወቅ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዷ ሶላት ቁርጭምጭሚቱን እየፈተገ የሚታጠብ።

በማግስቱ የፊተኛውን ወንበር ፈትቶ ሱቁ ውስጥ አስገባ። ፋሪዳ አፏን በሻሿ ጠቅልላ ቆመች። ኤርሲዶም ከጎረቤት መጣ። ጣሪቅ ጥቁሩን ልብስ ሲገፈው ከሥሩ ስፖንጅ አልነበረም። ሌላ ልብስ አለ፤ ቡናማ፣ አበባ ያለበት፣ ርካሽ። ያንንም ገፈፈው። ከሥሩ ሦስተኛ ልብስ ወጣ፤ ግራጫ ጨርቅ፣ ጠርዙ በሁለት ረድፍ የተሰፋ፣ ማዕዘኑ ላይ ክሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ።

ፋሪዳ ጎንበስ ብላ ማዕዘኑን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ይኼ የእኔ እጅ ነው" አለች።

ጣሪቅ ምላጩን አንስቶ ግራጫውን ሰነጠቀው። ከሥሩ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚወጣ ዓይነት ወፍራም ላስቲክ አለ፤ ዙሪያውን በማስቲሽ ታሽጓል። ላስቲኩን ሲቀደው ጥቁር ውኃ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ስፖንጁ ስፖንጅነቱ አልቋል፤ እንደ ረጠበ እበት ሆኖ ይቆረሳል፤ ነጫጭ ትሎች ይላወሱበታል። ኤርሲዶ ወደ ውጭ ሮጠ። ፋሪዳ በሩን ይዛ አስመለሳት።

ኤርሲዶ ሲመለስ አንድ ነገር በእጁ ይዞ ነበር፤ ከመኪናዋ ወለል ምንጣፍ ሥር ያገኘው። ከነጭ ቅርፊቱ ያልወጣ የቡና ፍሬና የጠቆረ ልጣጭ።

"ይኼን ሽታ አውቀዋለሁ" አለ። "የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ነው። የፍሳሹ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ነበር ይህች መኪና። ሞተሯ የተቀየረው ለዚህ ነው።"

ጣሪቅ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ታወሰው። ከአራት ዓመት በፊት የማያውቀው ሰው ወንበሮችን ብቻ ፈትቶ በፒካፕ ጭኖ መጥቶ ነበር። መኪናዋን አላየም። "ወተት ፈሶበት ነው" አለው ሰውየው። ሽታው የወተት እንዳልሆነ ጣሪቅም ፋሪዳም ያውቁ ነበር። ጣሪቅ ስፖንጁ ተጥሎ በአዲስ ይቀየር ሲለው፣ ሰውየው፣ "ለነገ ገዢ አለኝ፤ አልብሰው ብቻ። እጥፍ እከፍላለሁ" አለ። ጣሪቅ ላስቲክ አልብሶ አሸገ። ፋሪዳ ሰፋች። እጥፉን ተቀበሉ። ለልጃቸው የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ሆነ። ዳግመኛ አንድም ቀን አላነሱትም።

"ተናግረን ነበር እኮ" አለች ፋሪዳ በደከመ ድምፅ። "'ቀይረው' ብለነው ነበር።"

"ብለን ሰፋነው" አለ ጣሪቅ።

እጁን በሳሙና ታጠበ፤ በቤንዚን ታጠበ፤ እንደገና በሳሙና ታጠበ። ሽታው አልለቀቀውም። የዚያን ቀን ምሳ ሲቀርብ ጣቶቹ ወደ አፉ ሲቀርቡ ማዕዱን ገፍቶ ተነሳ። የሌላውን ሰው ቆሻሻ ሲጸየፍ የኖረ ሰው አሁን የራሱን እጅ መጉረስ አቃተው።

ሱፊያንን እዚያው ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ፣ ደላሎች ቁጭ ብለው ከሚውሉበት ጥላ ሥር አገኘው።

"ታውቅ ነበር" አለው ሳይቀመጥ።

ሱፊያን ሊምል አፉን ከፈተና የጣሪቅን ፊት አይቶ ተወው። "እሺ፤ አውቅ ነበር" አለ። "የኡመይር ወንድም ነው ማታ መንገድ ስቶ የማጠቢያው ፍሳሽ ውስጥ የከተታት። አሥራ አንድ ቀን ተኝታበታለች። ወንበሮቹን ያኔ ወዳንተ የላክሁት እኔው ነኝ። ጎበዝ ባለሙያ ነው ብዬ።"

"እኔ የሰፋሁትን ለእኔ ሸጥክልኝ?"

"ሁለት ሰው ገዝቷት ሽታው ሲነሳ አስለብሷት፣ አልጠፋ ሲለው ለኡመይር መልሷታል፤ ማንም እንዳንተ አልጮኸም" አለ ሱፊያን፤ አሁን ጭራሽ ተናዶ። "ጣሪቅ፣ ሰው እንዳይሰማህ! አሥራ ሰባት ዓመት ምን ስንሠራ የኖርን መሰለህ? እኔ ስናገር ሀራም፣ አንተ ስትሰፋ ሐላል ነው? ይልቅ ስማኝ፤ ፈላጊ አለኝ። ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ የሚኖር መምህር ነው፤ ለከተማው አዲስ፣ ለይኩን ይባላል። እንዳንተው በስፖርት መኪና ያበደ፣ ገንዘብም እንዳንተው ያጠረው። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ይሰጣል። አንተ አራተኛ ልብስ አልብሳት፤ ላስቲኩን ግን ጥሩ አድርገህ አሽገው።"

ይህን ሲል ከአፉ ስንጥሩን አውጥቶ ጫፉን ተመለከተና መልሶ ጎረሰው። ጣሪቅ ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ከሁሉም ነገር ይበልጥ ያ ስንጥር አስጠላው። መልስ ሳይሰጥ ሄደ። ሱፊያን ዝምታውን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሱፊያን መምህሩን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ለይኩን ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሑት። እሱ መኪናዋን ሲያይ ጣሪቅ የገዛ ፊቱን በመስታወት ያየ መሰለው። ልጁ ኮፈኗን በመዳፉ ዳበሳት።

"ጋሼ ጣሪቅ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት ብለውኛል" አለ ለይኩን። "ስለ ሞተሩ አልጨነቅም፤ ውስጧን ግን እርስዎ ይንገሩኝ። እርስዎ የያዙት መኪና ቆሻሻ አይሆንም አሉኝ።"

ሱፊያን ፈገግ አለ። ፋሪዳ ማሽኑን አቆመች።

ጣሪቅ ቀድሞ የገፈፈውን ወንበር መልሶ አልሰፋውም ነበር፤ አንሶላ ብቻ ጣል አድርጎበታል። ሁለተኛው ወንበር ግን እንዳለ ነው፤ ጥቁር ቆዳው፣ ቀይ ስፌቱ። ምላጩን ይዞ ወደ መኪናዋ ገባና ያንን ያማረ ስፌት ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ሰነጠቀው። ቡናማውን ሰነጠቀ። ግራጫውን ሰነጠቀ። ላስቲኩን ሲቀድ ለይኩን ወደ ኋላ ፈናጠር አለና ክንዱን አፍንጫው ላይ አደረገ።

"ይኸውልህ ውስጧ" አለ ጣሪቅ። "የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ውስጥ የከረመች ናት። ይኼን ግራጫውን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ ናት የሰፋችው። ከዚያ ሳላውቅ ራሴ ገዛኋት።"

"ገበያ ገደልክ!" ብሎ ጮኸ ሱፊያን። "አብደሃል! ወላሂ አብደሃል!" መንገደኛው ቆም ቆም አለ።

ጣሪቅ ከመምህሩ ምን እንደጠበቀ ለራሱም ግልጽ አልነበረም። ምስጋና ይሆናል። ቢያንስ እጁን ይጨብጠኛል ብሎ አስቦ ነበር። ለይኩን ግን ክንዱን ከአፍንጫው አላወረደም፤ ከወንበሩ ወደ ጣሪቅ፣ ከጣሪቅ ወደ ፋሪዳ አየ።

"ታዲያ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እንደዚህ ስንት ሰው ላይ ሰፍተሃል አንተ?"

"እርስዎ" ያለው አፍ "አንተ" አለ። ቃሉ በጣሪቅ ደረት ላይ እንደ ድንጋይ አረፈ።

"አላውቅም" አለ። እውነቱ ይኼ ነበር፤ አላወቀውም። አልቆጠረም።

ለይኩን መሬት ላይ እንትፍ አለ። ለስድብ አልነበረም፤ ሽታው አፉ ገብቶበት ነው። ግን ምራቁ ያረፈው በጣሪቅ በር ላይ ነበር። ሳይሰናበትም ሄደ። ሱፊያን እየተራገመ ተከተለው።

ፋሪዳ ውኃ አምጥታ በሩን አጠበች። ቆይታ፣ "ደግ አደረግህ" አለች። "ግን ደግ እንዳደረገ ሰው አይሰማኝም።"

"እኔም" አለ።

ወሬው ጅማን ለመዞር ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ደንበኛ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። ደላሎች ሥራቸውን ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ። በምትኩ ሌላ ዓይነት ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣችው ኢፍቱ የምትባል፣ ሚኒባስ ያላት መበለት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ያለበሰላትን ወንበር እያሳየች፣ "ክፈተው፤ ልየው" አለችው ቆማ። ከፈተው። የእሷ ንጹሕ ነበር። እሷ ተንፍሳ ሄደች፤ ጣሪቅ ግን ላብ አጥምቆት ቀረ። ከእሷ በኋላ አሥር ያህል መጡ። ከእነዚያ መካከል የሦስቱ ንጹሕ አልነበረም። ስፖንጁን አውጥቶ ጥሎ በአዲስ በነጻ ሞላላቸው። አንዱ አመሰገነው። አንዱ ሰደበው። ሦስተኛው፣ አንድ የአጋሮ ሽማግሌ፣ ሥራው እስኪያልቅ ወንበር ቀርቦላቸው አልቀመጥ ብለው በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ጠበቁ።

"አባ፣ ይቀመጡ እንጂ" አላቸው ጣሪቅ።

"ካንተ ወንበር ላይ?" አሉት። በቁም ነገር ነበር ያሉት፤ አልሳቁም።

ሱቁ ውስጥ ደንብ ተለወጠ። ስፖንጅ ሳያይ አያለብስም። "ዝም ብለህ አልብስ" የሚለውን መኪናውን ይዞ እንዲሄድ ያደርገዋል። ፋሪዳ ገቢው ሲያንስ የሙሽራ ቤት መጋረጃ መስፋት ጀመረች፤ እንደ ነገረችው ከሆነ መጋረጃ ከበስተኋላውም መጋረጃ በመሆኑ ደስ ይላታል።

ቀይዋን መኪና አልሸጣትም። በውኃ፣ በኖራ፣ በኮምጣጤ፣ በከሰል ሞከረ። ምንጣፏን አቃጠለ፤ ወለሏን እስከ ብረቱ ፋቀ። ሁለቱን ወንበሮች ከባዶ ብረት ጀምሮ በአዲስ ስፖንጅ ሠራቸው፤ ከሠራቸው ወንበሮች ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። ኤርሲዶ ሽቦዎቿን አንድ በአንድ ለወጠ፤ ዋጋ ሲጠየቅ፣ "እኔም ሞተሩን ብቻ ነው ያየሁት፤ ወለሉን ማየት ነበረብኝ" ብሎ እምቢ አለ። ሽታው ቀነሰ፤ አልጠፋም። በአየር ማስገቢያዋ ቱቦ ውስጥ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ የሆነ ነገር ቀርቷል። ደረቅ ቀን ዝም ይላል። ሲዘንብ ይነሳል።

በቅርቡ አንድ አርብ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጣሪቅና ፋሪዳ መስኮት ከፍተው ወደ ሰርቦ ነዱ። ለስላሳውን አስፋልት ሲያገኙ ጣሪቅ ነዳጁን ረገጥ አደረገና መኪናዋ ተወረወረች። ፋሪዳ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳይታሰብ ዝናቡ ወረደ። መስኮት ዘጉ። አምስት ደቂቃ ቻሉት። ፋሪዳ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ ጣሪቅ ጥግ ያዘ፤ ወርደው ከአንድ ሱቅ ጣራ ሥር ቆሙ። መኪናዋ ዝናቡ እያጠባት ፊት ለፊታቸው ታበራለች።

አብሯቸው የተጠለለ አንድ ሰው ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። "ማሻአላህ! ያንተ ናት? ስንት ብትሸጣት?"

ፋሪዳ ጣሪቅ መልስ ከመስጠቱ በፊት፣ "መጀመሪያ ገብተህ ሽተታት" አለችው።

ሰውየው የቀለደች መስሎት እየሳቀ በዝናቡ ሮጠ፤ በሩን ከፈተና ራሱን አስገባ። ወዲያው መልሶ አወጣው። ወደ ጣራው ሲመለስ አፍንጫውን ይዞ ነበር፤ ሳቁም የለም።

"አስተግፊሩላህ! ምን ሆና ነው?"

ጣሪቅ ነገረው። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሳይቆርጥ፣ የፈረደበትን ላስቲክ ጭምር ነገረው። ሰውየው እየሰማ ትንሽ ራቅ አለ፤ ከጣራው ጫፍ የሚወርደው ውኃ ትከሻውን እስኪነካው ድረስ። ዝናቡ ሲያባራም ከሁሉ ቀድሞ ሄደ። ጣሪቅና ፋሪዳ በሮቹን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ውስጧ እስኪናፈስ ትንሽ ቆዩና፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ጅማ ዞሩ።